የእታለም በግ

እኛ ቤት በግ የምባለው እኔ ነኝ። እናቴ ለእንግዳ ስትናገረው ሙገሳ ነው፤ «ይቺ ልጄ እኮ በግ ናት፣ የላኳት ትሄዳለች፣ አፍ የላትም» ትላለች። ታላቅ እህቴ ስትለው ስድብ ነው። ክፍል ውስጥ መምህሩ ጠይቆኝ ዝም ካልኩ ከኋላ ያሉት ልጆች «ባአአ!» ይላሉ። ቸርች ስንሄድ ደግሞ ሁላችንም በጎች ነን፣ እዚያ ማንም አይከፋውም። አባቴ በኦሮምኛ «ሆላ ኮ» ይለኛል። በጌ ማለቱ ነው፣ ከሱ አፍ ሲወጣ ግን የኔ ማር ያለኝ ያህል ነው የሚጥመኝ።

በአንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ። በግን የዋህ ነው ያለ ሰው፣ በግ ጎትቶ አያውቅም።

እኔ ጎትቻለሁ። ከነቀምቴ ገበያ እስከ ቤታችን፣ ቡርቃ ጃቶ ድረስ። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታ በሰላም ተገላግላ ነበር፤ አባቴ ቅዳሜ ዕለት በግ ሊገዛ ሲወጣ ይዞኝ ሄደ። ነጋዴው ጠቦት እያሳየ ያሞካሻል፣ አባቴ ራሱን ይነቀንቃል።

«ልጅ ነው ይሄ፣ ሥጋ የለውም። ሙክት አምጣ።»

«ሙክት ከፈለግክማ አባ፣ ይሄንን እየው! ላቱን ያዘው፣ ያዘው አትፍራ!»

አባቴ ላቱን መዘነ፣ ጀርባውን ተጫነ፣ ጥርሱን አየ። እኔንም «ያዢው» አለኝ። ያዝኩት፤ ጭራው ሥር ያለው ስብ ሞቅ ያለ ትራስ ይመስላል። በጉ ነጭ ሆኖ ራሱ ብቻ ቀይ ነው። ተስማሙ፤ አባቴ ገመዱን እጄ ላይ ጠመጠመና «ቀጥ ብለሽ ቤት» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ።

ቀጥ ብሎ ቤት የሚሄድ በግ የለም። መጀመሪያ ሮጠ፣ እኔ ተጎተትኩ። ቀጥሎ ቆመ፣ እኔ ጎተትኩ። አስፋልቱ መሐል ስንደርስ ጉልበቱን አጥፎ ቁጭ አለ። ቁጭ! ባጃጆች በግራ በቀኝ ጡሩንባ ይነፋሉ። አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «ያ ኢንተላ! ሆላ ኬ ሂን ጉርጉርታ?» አለኝ፣ አንቺ ልጅ በግሽን አትሸጪም ወይ ማለቱ ነው። በጓደኞቹ ፊት ሊያሾፍብኝ።

«አይሸጥም! የሰው ነው!» አልኩ።

«የማን?»

«የእታለም!»

እንዲህ ጮክ ብዬ መናገሬ ራሴን ገርሞኝ ሳለ በጉም ተነሣ። የሷን ስም ሰምቶ ነው ብዬ ለብዙ ቀን ለሰው አውርቻለሁ።

እታለም ስሟ አይደለም። እናቴ ናት እንዲህ ብላ መጥራት የጀመረችው፤ ከዚያ አጥሩ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ፣ በአማርኛ የማይናገረው ሁሉ፣ እታለም አላት። ጎረቤታችን ናት፣ ግድግዳችን ይነካካል። በድርቁ ዘመን ከወሎ ሲያመጧቸው በእናቷ ጀርባ ላይ ነበረች። ኦሮምኛዋ ከኔ ይሻላል፣ አማርኛዋ ግን እስከ ዛሬ ወሎ ነው፤ «አብሽሪ የኔ ሸጋ» ስትል ያመመኝ ነገር ሁሉ ግማሹ ይለቀኛል። እህቴ ሕፃን ሆና በወባ ስትንቀጠቀጥ፣ አባቴ በሌለበት፣ አዝላት በዝናብ ሆስፒታል ድረስ የሮጠች እሷ ናት። እናቴ ያኔ ቃል ገባች። «ይቺ ልጅ ድና፣ አድጋ፣ ወልዳ ካየሁ፣ ለእታለም በራሷ ሰው እጅ በግ አሳርዳለሁ፤ እኔ ቤት ቁጭ ብላ ሥጋ ትበላለች።»

ለምን በራሷ ሰው እጅ? እታለም ሙስሊም ናት፣ እኛ ጴንጤ ነን። የክርስቲያን ቢላዋ የነካውን ሥጋ እሷ አትበላም፤ እሷ የምትበላውን ደግሞ ከኛ ወገን ብዙው ሰው አይነካም። ስለዚህ ስንት ዓመት ስንጎራበት በበዓል ዳቦ ይሻገራል፣ ቅቤ ይሻገራል፣ ሽሮ አብረን በልተናል፤ ሥጋ ግን አጥሩን ተሻግሮ አያውቅም።

እና እታለም ሰኞ ጠዋት ልትሄድ ነው። ልጇ ጉቴ ቤት ሠርቶ «እናቴ እኔ ጋ ትኑር» ብሏል። ሰው ሁሉ «ጉቴ እኮ ናት! እዚህችው!» ይላል። ይሄ ነው ያስጨነቀኝ። ሩቅ የሄደ ሰው ይደወልለታል፣ ይለቀስለታል፤ ቅርብ ነው የተባለ ሰው ነው የሚረሳው። ስለዚህ እሑድ መብላት አለባት። እሑድ ካልበላች የእናቴ ቃል ጉቴ ድረስ ተከትሏት አይሄድም።

ቅዳሜ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሙክቱ በረንዳው ሥር ያላምጣል፣ ከጓሮ ደግሞ የኔዋ በግ ትመልስለታለች። አዎ፣ እኔም በግ አለችኝ። የአባቴ ወንድም፣ ዋሲላዬ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሳልፍ ከገጠር ያመጣልኝ ናት። ጥቁር ሆና ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፤ ቦራ ትባላለች እንዲህ ያለችው። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ዳር ሣር አስግጣታለሁ። በዓለም ላይ የኔ የምለው፣ ማንም ሳይጠይቀኝ የማያነሣው ነገር ቢኖር እሷ ናት ብዬ አስብ ነበር።

እሑድ ከቸርች እንደተመለስን ግቢው በሴት ተሞላ። የእህቴ አማት ዘመዶቿን አስከትላ ከዲጋ መጣች፤ የልጅ ልጇን ለማየት። ለነሱ ዶሮ ተሠርቷል። በጉ የእታለም ነው። በጉን ባርኮ የሚያርደው የእታለም ባል ታናሽ ወንድም ነው፣ አናጢ ነው፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትመካበት እሱ ነው። እሑድም ይሠራል። ስልኩ አይነሣም፤ መጋዙ ሲጮኽ መች ይሰማል?

«ሂጂና ጎትተሽ አምጪው» አለችኝ እናቴ፣ እንደ በግ።

ሮጥኩ። ባጃጅ ይዤ፣ እግሬን ወለሉ ላይ እየነቀነቅኩ «ቶሎ፣ ቶሎ» እላለሁ፤ ሹፌሩ «ምጥ ላይ ነሽ እንዴ?» አለኝ። አናጢው የበር ፍሬም ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። «ይቺን ልግጠምና» አለ። ገጠመ። አልገጠመችም። ነቅሎ ላጋት። እንደገና ገጠመ። እኔ እንጨቱን እያየሁ ልቤ እቤት ነው። በመጨረሻ እጁን ታጠበ፣ ቢላዋውን በጋዜጣ ጠቀለለና ወጣን።

የግቢውን በር ስንከፍት ሙክቱ ማንጎው ዛፍ ላይ ተሰቅሏል።

ቆዳው በግማሽ ወርዷል። ከሥሩ ዋሲላዬ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ላቡ እየፈሰሰ፣ በጣም ደስ ብሎት ቆሟል። ማንም አልነገረውም። ሁሉም ሌላው የነገረው መስሎታል። እሱ እንደገባ ያየው፣ ከዲጋ የመጡ አማቶች ተቀምጠዋል፣ ዶሮ ይሸታል፣ በረንዳ ሥር የሰባ ሙክት ታስሯል። የአባት ወንድም ደግሞ በእኛ አገር ልጅ የተወለደበት ቤት መጥቶ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ቢላዋ ያነሣል።

«በግ ቆሞ ለአማት ዶሮ?» አለኝ፣ ገና ሳልናገር። «አባትሽን ላሳፍረው? ኮቱ፣ ነይ፣ ይሄንን እግር ያዢልኝ!»

አልያዝኩም። እናቴ ከማድ ቤት በወንፊት ዱቄት ይዛ ወጣች፣ ማንጎውን አየች፣ ከኋላዬ የቆመውን ሰውዬ አየች። ወንፊቱ ጋደል አለና ዱቄቱ እግሯ ላይ ፈሰሰ።

«ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ?» አለ ዋሲላዬ።

አባቴ ከእንግዶቹ ጋር ከተቀመጠበት ቤት ወጥቶ በቀስታ ነገረው። የዋሲላዬ ፊት ሲቀየር ማየት ያሳዝናል፤ ደም የነካውን እጁን የሚያስቀምጥበት አጣ። አናጢው ግን ጋዜጣውን ብብቱ ሥር ሻጥ አድርጎ ሳቀ። «ሥራ አቀለላችሁልኝ አቦ! በሩን ጨርሼ እመጣ ነበር» አለ። ማንም አልሳቀም።

ዋሲላዬ ነው ያሰበው። «ለልጅቷ የሰጠኋት አለች አይደል? እሷን ይባርክ። እኔ ሌላ አመጣላታለሁ፣ በመጪው ገበያ፣ ወላሂ» አለ፤ ወላሂ ማለቱ ራሱ ለእንግዳው ብሎ ነው። አባቴ መሬት መሬት አየ። እናቴ እኔን ማየት ጀምራ መሐል ላይ ተወችው። በጓ የማን እንደሆነች ግቢው ሁሉ ያውቃል። አንድም ሰው ግን «ትሰጪናለሽ?» አላለም። በግ አይጠየቅማ።

ወደ ጓሮ ሄድኩ። ቦራዬ ከሽንት ቤቱ ጀርባ የባቄላ ገለባ እየበላች ነበር፤ ስታየኝ ጆሮዋን አቆመች። አጥራችን እዚያ ጋ ክፍተት አለው፣ ወደ መንገድ ያስወጣል። በዚያ በኩል ይዣት ብወጣ ማን ያየኛል? እስኪመሽ መንገድ ዳር ሣር እያስጋጥኩ ብቆይ፣ እንግዶቹ ቢሄዱ፣ ነገ ቢሆን! ገመዱን ፈታሁ። እግሬ ወደ ክፍተቱ ዞሯል፣ እውነቴን ነው።

ከግድግዳው ማዶ የእታለም ቤት ይሰማል። ዕቃ ትጎትታለች፣ አንዱን ቆርቆሮ ሳጥን ወለሉ ላይ። ቤቱ ባዶ እየሆነ መምጣቱ በድምፁ ያስታውቃል፤ ያስተጋባል። እህቴን አዝላ የሮጠችው ከዚያ ቤት ተነሥታ ነው። እንግዲህ ይቺ ሴት ነገ ትሄዳለች፣ ከኛ ቤት የበላችው ሽሮ ብቻ ይሆናል፣ እኔም በጌን ይዤ እቀራለሁ።

ዞርኩ። ቦራዬ ያን ቀን ብቻ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳትጎተት ተከተለችኝ። ያ ነው ያስለቀሰኝ። ሰው መሐል አቁሜያት «ይቺውላችሁ! ግን የኔ ናት፣ የምሰጣት እኔ ነኝ!» አልኩ። ድምፄ ከማንጎው ላይ ወፍ አስነሣ። እህቴ ከውስጥ ከአልጋዋ ላይ «ማነው የሚጮኸው?» ስትል ሰማኋት።

አናጢው ጋዜጣውን መፍታት ጀመረ። ቀስ እያለ ነው የሚፈታው፤ የሚወደው ሥራ አልነበረም።

ይሄኔ እታለም መጣች። ንጹሕ ሻሽ አስራ፣ ለአራሷ በጣሳ ቅቤ ይዛ፣ «እንኳን አላህ በሰላም ገላገላችሁ» እያለች ገባች። የተሰቀለውን አየች፣ የባሏን ወንድም አየች፣ ቢላዋውን፣ ቦራዬን፣ የኔን ዓይን። ጣሳውን ለእናቴ አስያዘቻትና ምንም ሳትናገር ቀጥ ብላ መጥታ በጓ ሆድ ሥር እጇን አስገባች። ደባበሰች። ጡቷን ነካች። ከዚያ ቀና አለች።

«አብዳችኋል?»

ዋሲላዬ አጎንብሶ የበጓን ሆድ አየ።

«ይቺ እኮ እርጉዝ ናት! አራስ ቤት ውስጥ እርጉዝ ልታርዱ? አንተ ደግሞ ቢላዋ ይዘህ ቆመሃል፣ ዓይን የለህም?»

«እኔ መች ዳሰስኳት?» አለ አናጢው። «ይህችው ብለው አቆሙልኝ።»

«የማን ልጅ ነው ያረገዘችው?» አለ ዋሲላዬ ግራ ገብቶት። ያኔ ነው ግቢው ሁሉ የሳቀው። መንገድ ዳር ሣር ስትግጥ እኔ ዘፈን ሳዳምጥ ነበር፣ ምን አውቄ!

እናቴ ግን አልሳቀችም። ጣሳውን እንደያዘች «ቃሌ ቀረ፣ እታለም፣ ቃሌ ቀረ» አለች፣ እንባዋ ቅቤው ላይ ሊወርድ። ያኔ ነው እታለም ነገሩ የገባት። የበጉ ነገር ለሷ የተደገሰ እንደነበር አታውቅም ነበር፤ እናቴ «ምሳ እኛ ጋ ነው» ብቻ ነው ያለቻት።

«እኔ ሥጋ አጥቼ ነው አንቺ?» አለች እጇን ይዛ። «ገንፎ የለም እዚህ ቤት? አራስ ቤት መጥቼ ገንፎ ሳልበላ ልውጣ?»

ገንፎማ አለ። በኦሮምኛ ማርቃ የምንለው፣ የገብስ፣ መሐሉ ተቦርቡሮ ቅቤና በርበሬ የሞላበት። ገንፎ ሃይማኖት የለውም። የእህቴ አማት ከዚህ ጥግ ስትቆርስ እታለም ከዚያ ጥግ ትቆርሳለች፣ መሐል ላይ ቅቤው ጋ ጣታቸው ሊነካካ ሲል ሁለቱም «አንቺ ቅደሚ» ይባባላሉ። ሥጋው የመጣው ኋላ ነው፤ እሱን የዲጋዎቹ በሉ። እኔ አልበላሁም፣ እናቴም አልበላችም።

ሰኞ ጠዋት ዕቃዋን የሚጭነው አይሱዙ ገና ሳይሞላ ቦራዬን ይዤ እታለም በር ላይ ቆምኩ። ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት። የሞተ በግ ነው የሚለያየን፤ በሕይወት ያለ በግ ግን የማንም እጅ ሊይዘው ይችላል።

«ውሰጃት» አልኳት።

«አልወስዳትም።»

«እታለም!»

«ስጦታ አልወስድም፤ ስጦታ ይረሳል።» አጎንብሳ ቦራዬን ግንባሯ ላይ አከከቻት። «ርቢ ከሆነ ግን እወስዳታለሁ።»

ርቢ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እናቷ ስታወራላት ያደገችው የወሎ ደንብ ነው። ባለበጉ በጉን ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ያኛው ያበላል፣ ያሳድጋል፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ። በጓ የባለቤቷ እንደሆነች ትቀራለች።

«ስለዚህ በጓ ያንቺ ናት፣ ሣሩ የኔ» አለች። «ከስታ እንዳይሆን፣ ሰርቄሽ እንዳይሆን፣ እየመጣሽ ማየት አለብሽ። ካልመጣሽ በሽማግሌ አስጠራሻለሁ።»

«ቢሞትስ ግልገሉ?»

«ቆዳውን አሳይሻለሁ። እንዴ! አስበሽበታል አንቺ፣ ማን ነው በግ ያለሽ?»

ቦራዬ በፍራሹና በቆርቆሮ ሳጥኑ መሐል ቆማ ሄደች። አይሱዙው ሲታጠፍ ራሷን አውጥታ «ባአአ» አለች። መንገዱ ላይ ብቻዬን ነበርኩ፣ እኔም መለስኩላት።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልችልም። ክፍል ውስጥ ሆኜ መስኮት አያለሁ፣ ዝናብ ሲጥል ጉቴም ይጥል ይሆን እላለሁ። አንድ ጠዋት የእናቴ ስልክ ጮኸ። እታለም ናት፣ ሰላምታም አላስጨረሰችንም። «ወልዳለች! ለባለንብረቷ ንገሪልኝ!»

በሚኒባስ ስሄድ ጉልበቴ አላርፍ ብሎ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ዘንቢላቸውን ወደ ማዶ አዞሩት። ስደርስ ግልገሉ ደርቆ፣ በአራት የሚንቀጠቀጡ እግሮች ቆሟል። ጥቁር ነው፣ ቦራ ነው፣ ወንድ ነው። ጣቴን አፉ ውስጥ ከትቶ ጠባኝ፤ ምላሱ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው።

«እንዴት እንካፈለዋለን? አንድ ነው» አልኩ።

«አንካፈለውም» አለች እታለም። «ይሄ የእናትሽ ቃል ነው። ሲደርስ እናንተ ቤት ይመጣል፣ ያ ሰነፍ አናጢ ይባርከዋል፣ እኔ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ለእናትሽ ንገሪያት፣ ቃሏ አልቀረም፤ እያደገ ነው።»

ነገርኳት። እናቴ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አመሰገነች። እኔም ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ፤ ግን ጣቴን የጠባው ምላስ ትዝ እያለኝ፣ ባይደርስስ እያልኩ ሳስብ ነበር።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ እሄዳለሁ። እታለም ገንፎ ታበላኛለች፣ እህቴ ልጇን አስይዛኝ ከሄድኩማ ጭራሽ አትለቀንም፤ ጉቴ የማይረሳ ቅርብ ሆኗል። እናቴ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች። ባለፈው ቅዳሜም እዚያው በረት አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ደወለች።

«ደረሰ?»

«ገና ነው» አልኳት። «ግልገል ነው።»

ይህን ስል ግልገል ያልኩት ኋላ ኋላ ሄዶ፣ ተንደርድሮ መጥቶ ጭኔን በግንባሩ መታኝ። ቀንዱ መብቀል ጀምሯል፣ ላቱ ደግሞ ትራስ አክሏል። አጥሩን ይዤ ነው ከመውደቅ የተረፍኩት፤ ስልኩ ጭቃ ላይ ወደቀ።

«ምንድነው የተንኳኳው?» ትላለች እናቴ ከጭቃው ውስጥ።

እታለም ስልኩን አነሣች፣ በቀሚሷ ጠረገችው። እኔን አየች። እሱን አየች፤ ድጋሚ ሊመታኝ ኋላ ኋላ እየሄደ ነው። ከዚያ ስልኩን አፏ ላይ አስጠግታ፣

«ምንም አይደለም፣ ጎረቤቴ» አለች። «ገና ግልገል ነው። ገና ብዙ ይቀረዋል።»